ሳህኑን ከወረቀቱ አጠገብ

በወግዲ ገጠር ፊደል የቆጠረ ልጅ ባለበት ቤት አንድ የታወቀ ልማድ አለ። የቀበሌ ማስታወቂያ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ የመጣ እንደ ሆነ አባት ወረቀቱን ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁ ያነባል፤ ትልልቆቹ አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። «እስቲ ድገመው» ይሉታል፤ ይደግመዋል። «ምን ማለቱ ነው?» ሲሉት ግን ልጁ ቃሉን እንጂ ምሥጢሩን ገና አያውቀውምና ዝም ይላል። ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ከሆናችሁት አንባቢዎቼ መካከል በዚህ ዓይነት ያደጋችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አልጠራጠርም።

የዛሬው ባለታሪካችንም ማንበብ ለማይችሉ ዘመዶቹ ጋዜጣ እያነበበ ያደገ የገጠር ልጅ ነው። አገሩ ግን ከዓባይ ማዶ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ነው። ስሙ ኤርነስት ቤቪን ይባላል። ጋሪ ነጂ ነበረ፤ የሠራተኞች መሪ ሆነ፤ በመጨረሻም የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። የኢትዮጵያም ጉዳይ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ከፊቱ ቀርቧል። በመጀመሪያው ጊዜ ከእኛ ወገን ቆመ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከካርታችን ላይ ሊቆርስ አሰበ። አንድ ሰው ሁለቱንም እንዴት ሊያደርግ ቻለ? ዛሬ የምንጫወተው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ቤቪን የተወለደው በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ፣ ሶመርሴት በተባለው አውራጃ፣ ዊንስፎርድ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ማን እንደ ሆነ አላወቀም። እናቱ ዳያና በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ድኻ ሴት ነበረች። እርሷም ልጁ ገና 8 ዓመት ሳለ ሞተችበትና የእናቱ ልጅ የሆነች ታላቅ እኅቱ ወስዳ አሳደገችው። በ11 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ለገበሬ ተቀጠረ። በ13 ዓመቱ ገጠሩን ለቅቆ ብሪስቶል ወደ ተባለችው የወደብ ከተማ ገባ። እዚያም በወጥ ቤት ረዳትነትና በተላላኪነት የተገኘውን ሁሉ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ የጠርሙስ መጠጥ በሁለት ፈረስ ጋሪ እየጫነ ለየመሸጫው የሚያድል ጋሪ ነጂ ሆነ።

ፈረሶቹን ሲፈታ ማታ ማታ ወደ መጽሐፍና ወደ ክርክር ይሄድ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑም እስከ መስበክ ደርሶ ነበርና የንግግሩ ኃይል የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። በ1901 ዓ.ም. በብሪስቶል ሥራ ያጣው ሰው በበዛ ጊዜ፣ ቤቪን ሥራ ፈቶቹን አሰልፎ እሑድ በጸሎት ሰዓት ወደ ከተማው ካቴድራል ይዟቸው ገባ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። የተቀዳደደ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጸጥ ብለው ቆሙ። ምእመናኑ የእነዚያን ሰዎች ችግር በጋዜጣ ያነቡት ነበር፤ በዚያች እሑድ ግን በዓይናቸው አዩት። ይህን ዘዴውን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1902 ዓ.ም. የብሪስቶል ጋሪ ነጂዎች ከወደብ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተባብረው የራሳቸውን ቅርንጫፍ ሲያቋቁሙ ቤቪን መሪያቸው ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ጋሪውን ትቶ የማኅበሩ ቋሚ ሠራተኛ ሆነ።

ስሙ በመላ አገሩ የተጠራው ግን በ1912 ዓ.ም. ነው። የወደብ ጫኝና አውራጆች ለአንድ ቀን ሥራ 16 ሽልንግ ይከፈለን ብለው ጠየቁ። ነገሩን የሚመረምር ሸንጎ ተቋቋመና ሎርድ ሾው የተባለ ዳኛ ሰብሳቢ ሆነ። አሠሪዎቹ በሕግ ትምህርት የበሰለ ጠበቃ አቆሙ። ሠራተኞቹ ደግሞ በ11 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣውን ቤቪንን አቆሙ። የመክፈቻ ንግግሩ በተከታታይ ቀናት በድምሩ 11 ሰዓት ያህል የፈጀ ሲሆን፣ የሰሙት ሁሉ ሰውየው ትምህርቱን ከወዴት አመጣው እያሉ ተደነቁ።

ከዚያም አሠሪዎቹ ቦውሊ የተባለውን የታወቀ የስታቲስቲክስ ሊቅ በምስክርነት አቀረቡ። ሊቁም አንድ የወደብ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ለመኖር ይህን ያህል ይበቃዋል የሚል ሒሳብ በወረቀት አስፍሮ አመጣ። ድምሩ ትክክል ነበር። ቤቪንም ስለ ድምሩ አልተከራከረም። ከሸንጎው እንደ ወጣ ከጸሐፊው ጋር ገበያ ወረደና በዚያ ሒሳብ ሊገዛ የሚችለውን ምግብ ገዛ፤ አበሰሉት፤ ለአምስት ሰው በአምስት ሳህን ከፋፈሉት። በማግሥቱም ሳህኖቹን ይዞ ሸንጎ ገባ። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ የነበረው ምግብ አንድ ሕፃን የሚያጠግብ አይመስልም ነበር። ቤቪን ሳህኑን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ እህል በጀርባው ለሚሸከም ሰው ይህ ይበቃው እንደ ሆነ ሊቁን ጠየቀው።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ? ወረቀት ደግሞ ሁልጊዜ ጠግቦ ያደረ ነው። ሸንጎው የ16 ሽልንጉን ጥያቄ ተቀበለ። ቤቪንም ከዚያ ወዲህ «የወደብ ሠራተኞች ነገረ ፈጅ» እየተባለ ይጠራ ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1914 ዓ.ም. ተበታትነው የነበሩትን የወደብ፣ የጋሪና የመጓጓዣ ሠራተኞች ማኅበራት አስተባብሮ አንድ ታላቅ ማኅበር ሲመሠረት ዋና ጸሐፊ ሆነ። በዚህም ሥራ 18 ዓመት ቆየ። ማኅበሩ ውሎ አድሮ በብሪታንያ ትልቁ የሠራተኛ ማኅበር ለመሆን በቃ።

ሁልጊዜ ግን አልቀናውም። በ1918 ዓ.ም. የማዕድን ቆፋሪዎችን ለመደገፍ ከሚያዝያ 26 እስከ ግንቦት 4 ቀን በመላ ብሪታንያ ለተደረገው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ከዋናዎቹ አደራጆች አንዱ እርሱ ነበረ። አድማው በ9 ቀን ተሸነፈ። ቤቪን ከዚያ ሽንፈት የተማረው፣ ቁጣ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆንና ከድርድር በፊት ጉልበትን መመዘን እንደሚያስፈልግ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ደረስን። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ተከማችቶ ነበር። በዚያው ሰሞን የብሪታንያ የሠራተኞች ፓርቲ ብራይተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ጉባኤ አደረገ። ጥያቄው ኢጣልያ ኢትዮጵያን ብትወር የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ እንዲያደርግባት፣ አስፈላጊም ከሆነ በኃይል እንዲያስቆማት ፓርቲው ይደግፋል ወይስ አይደግፍም የሚል ነበር። የፓርቲው መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ድኾችን የሚወድ፣ ሕዝቡም የሚወደው ሽማግሌ ነበረ። ነገር ግን በክርስትና እምነቱ ምክንያት ሰይፍ ማንሣትን ፈጽሞ የሚቃወም ስለ ነበር፣ በመስከረም 20 ቀን ተነሥቶ ማዕቀቡን አልደግፍም አለ። ጉባኤተኛው በንግግሩ ልቡ ተነክቶ ቆሞ አጨበጨበለት።

ከዚህ በኋላ ቤቪን ወደ መድረኩ ወጣ። ሰው ለሽማግሌው እያዘነ ሳለ እርሱ ያለ ርኅራኄ ተናገረ። ላንስበሪ ኅሊናውን ተሸክሞ ምን ላድርገው እያለ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይዞራል ብሎ ወቀሰው። ጭካኔው እስከ ዛሬ ይነቀፋል። የክርክሩ ፍሬ ግን ሌላ ነበረ። ፋሽስቶች በኢጣልያ፣ በኋላም ናዚዎች በጀርመን የሠራተኛ ማኅበራትን እንዴት እንዳፈረሱና መሪዎቻቸውን እንዴት እንዳሰሩ ቤቪን በሚገባ ያውቅ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ነገር ለእርሱ የሩቅ አገር ወሬ አልሆነበትም፤ የሥራ ጓደኞቹን ቤት ያቃጠለው እሳት ወደ ሌላ ቤት ሲዛመት ታየው። ድምፅ ሲቆጠር 2,168,000 ማዕቀቡን ደገፈ፤ 102,000 ተቃወመ። ላንስበሪም በዚያው ሰሞን ከመሪነቱ ለቀቀ። የጉባኤው ውሳኔ ከተነገረ ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 22 ቀን የኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ተሻገረ።

ታዲያ ያ ድምፅ አዳነንን? አላዳነንም። የሠራተኞች ፓርቲ በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ አልነበረም። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ አደረገ፤ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር፣ ነዳጅን፣ ሳይጨምር ቀረ። የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች እንደ ተከፈተ ነበር። በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ቢሆንም የብሪስቶሉ ጋሪ ነጂ በዚያች ቀን ከትክክለኛው ወገን እንደ ቆመ መካድ አይገባም።

በግንቦት 1932 ዓ.ም. ጀርመን ብሪታንያን ባስጨነቀች ጊዜ ዊንስተን ቸርችል ቤቪንን ጠርቶ የሥራ ሚኒስትር አደረገው። እንደ ራሴዎች ምክር ቤት የገባውም ከተሾመ በኋላ ነው። አድማ በመምራት የታወቀው ሰው በጦርነቱ ዘመን አድማን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ በጎደለ ጊዜም ለውትድርና ከተጠሩት ወጣቶች ከፊሎቹ በዕጣ እየተለዩ ወደ ጉድጓድ እንዲወርዱ አደረገ፤ 48,000 ያህል የሚሆኑት እነዚህ ወጣቶች «የቤቪን ልጆች» ይባላሉ። በሌላ በኩል በምግብ ቤትና በሆቴል ለሚሠሩት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወሰንበትን ሕግ አስወጣ። የወጥ ቤት ሥራ ምን እንደ ሆነ በልጅነቱ ቀምሶታልና ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ቤቪንን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። አባቱን የማያውቀው ልጅ የዓለም ካርታ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ። በዚያም ካርታ ላይ ኦጋዴን አለ።

ኦጋዴን የኢትዮጵያ ግዛት ቢሆንም፣ ኢጣልያ ከተባረረች ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር አልለቀቀውም ነበር። በ1938 ዓ.ም. አራቱ ኃያላን መንግሥታት ስለ ኢጣልያ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች በፓሪስ ሲመክሩ፣ ቤቪን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ የኢጣልያ ሶማሌላንድና ኦጋዴን ተጣምረው በአንድ ሞግዚት አስተዳደር ሥር ይሁኑ የሚል ነው። ሞግዚቷም ብሪታንያ ብትሆን ይወድ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ከብት አርቢው ሕዝብ ሣርና ውሃ ፍለጋ ያለ ድንበር ክልከላ እየተዘዋወረ እንዲኖር ያስፈልጋል አለ። ብዙ ሶማሌዎች ሐሳቡን ወደዱት። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ግዛቴን ማን ይቆርሰዋል ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። አሜሪካም፣ ሶቪየት ኅብረትም፣ ፈረንሳይም አልተቀበሉትምና ሐሳቡ ወደቀ። ከኦጋዴን አብዛኛው በመስከረም 1941 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ሐውድ የተባለው የግጦሽ አገር የተመለሰው ግን በየካቲት 1947 ዓ.ም. ነው። ቤቪን ይህን ሳያይ በ1943 ዓ.ም. ሞቷል።

እንግዲህ በብራይተን ስለ ኢትዮጵያ የተከራከረው ሰው በፓሪስ ምን ነካው? አንዳንዱ «ሥልጣን ለወጠው» ይላል፤ ሌላው «እንግሊዝ ምን ጊዜም እንግሊዝ ነው» ይላል። በሁለቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አይጠፋም። ለእኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። ቤቪን የወደብ ሠራተኛውን ሳህን ወደ ሸንጎ ያመጣው ራሱ ከዚያ ሳህን በልቶ ስለሚያውቅ ነበር። ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. የደገፈውም ፋሽስት በሠራተኛ ላይ የሚሠራውን ስለሚያውቅ ነው። ስለ ኦጋዴን ሲያስብ ግን ከፊቱ የነበረው ካርታ ብቻ ነው። መስመሩን የነደፉለት ሹማምንት የሒሳብ ስሕተት ላይኖርባቸው ይችላል። ነገር ግን መሬቱ የሚቆረስባት ኢትዮጵያ ከአራቱ ኃያላን ጠረጴዛ ወንበር አልነበራትም፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ግመሉን የሚያጠጣውም አርብቶ አደር አልነበረውም። ከ26 ዓመት በፊት ሊቁ ቦውሊ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር አሁን ቤቪን ራሱ ያዘው። ሳህን ይዞ የሚገባ ግን አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከድኻ ቤት መወለድ ብቻውን ለሰው ሁሉ ማሰብን እንደማያስተምር ነው። የድኻ ልጅ የሚያውቀው የራሱን ረኀብ ነው። የሌላውን ረኀብ ለማወቅ እርሱም እንደ ባለጸጋው መጠየቅና ማየት አለበት። ስለዚህ የሚወሰንበት ሰው ራሱ በውሳኔው ቦታ ይገኝ ዘንድ ግድ ነው።

በእኛም አገር ይህን ወንበር ለማግኘት የታገሉ ሠራተኞች ነበሩ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ሊያቋቁሙ እንዲችሉ ፈቀደ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የወጡት አቶ አብርሃም መኮንን ነበሩ። በኋላም አቶ በየነ ሰሎሞን ለብዙ ዓመት መሩት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ 80,000 ያህል አባላት ነበሩት። በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ አድማም የአገሩን ሥራ ለቀናት አቆመው።

ይሁንና ከብሪስቶል ጋሪ እስከ ሚኒስትር ወንበር የደረሰው መንገድ ለእነዚህ ሰዎች አልተከፈተም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረምና የሠራተኛ መሪ ከፋብሪካ ወደ ፓርላማ የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረውም። የሠራተኛው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛውንና የቤት ሠራተኛውን ከማኅበር ውጭ አድርጎ ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ማኅበሩ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ በጠየቀ ጊዜ ደርግ መሪዎቹን አሰረ፤ በ1968 ዓ.ም. ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። የእኛ ቤቪኖች ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ ወሎዬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ችግሩ በጊዜው ለሕዝብ እንዳይገለጥ ተደርጎ ነበር። በየቢሮው ወረቀት ነበር፤ ማኅተም ነበር፤ የመዝገብ ቁጥርም ነበር። ሳህኑ ግን ባዶ ነበር። ሳህኑን ይዞ ሸንጎ የሚገባ ኃይል ያለው ሰው በጊዜው ባለመገኘቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ።

ወጣቱ ጸሐፊ ወዳጄ ሆይ፤ አንተ ሚኒስትር አይደለህም፤ ምናልባትም አትሆንም። ነገር ግን ነገ ጠዋት በወግዲ ወይም በመካነ ሰላም ባለ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛህ ላይ አንድ ፋይል ይጠብቅሃል። በውስጡ ስለ አንድ ገበሬ መሬት፣ ስለ አንዲት ባልቴት አቤቱታ፣ ወይም በድርቅ ስለ ተጎዱ ቤቶች ቁጥር ተጽፏል። ድምሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከመፈረምህ በፊት ግን ባለጉዳዩን አስገብተህ ጠይቀው፤ ቤቱ ቅርብ ከሆነም ሄደህ እየው። ያየኸውንም ከቁጥሩ አጠገብ ጻፈው። አለቃህ ባይወደው እንኳ የተጻፈ ነገር አንድ ቀን የሚያነበው ያገኛል።

በልጅነትህ ለአባትህ ወረቀቱን ስታነብ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ጠይቆህ ነበር። ያን ጊዜ መልስ አልነበረህም። ዛሬ ግን ወረቀቱን የምትጽፈው አንተ ነህና በዚያኛው ቤት ለሚያነበው ልጅ መልሱ እንዳይቸግረው አድርገህ ጻፈው።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።